ትንሹ አመንጪ በየትኛው በር ይግባ?

አንድ የግል ባለሀብት ወይም የገበሬዎች ማኅበር ወንዝ ጠልፎ፣ ተርባይን ተክሎ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይችላል? ሕጉ «ይችላል» ይላል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ ያመነጨውን ለማን ይሸጣል? በስንት? ገንዘቡን መቼ ይቀበላል? ነገሩ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ሲወራ የሚነሳው ግድቡ፣ ተርባይኑ፣ ምሰሶው ነው። ስለ ወረቀቱ የሚያወራ የለም። ትንሹን አመንጪ ከገበያ ውጭ ያስቀረው ግን የወንዝ እጥረት አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። ስሙ «የኃይል ግዥ ስምምነት» ይባላል። በኢትዮጵያ ይህ ስምምነት ለትልቅ የውጭ ኩባንያ በዓመታት ድርድር የሚገኝ ነገር ነው። ለትንሹ የአገር ልጅ ደግሞ እስካሁን በሩ እንኳ አልተሠራለትም።

ወረቀቱ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል?

ጤፍ ያመረተ ሰው ገበያው ካልተመቸው ጎተራው ውስጥ ያቆየዋል። አንዱ ነጋዴ በዋጋ ከጎዳው ወደ ሌላው ይሄዳል። ኤሌክትሪክ ያመረተ ሰው ሁለቱም የለውም። ያመነጨው ኃይል በዚያችው ቅጽበት ካልተሸጠ ባክኗል፤ ገዢው ደግሞ መስመሩን የያዘው አንድ ተቋም ብቻ ነው።

ስለዚህ ባንክ ለኃይል ማመንጫ ሲያበድር ወንዙን አይቶ አይደለም። የሚያየው ስምምነቱን ነው። ገዢው ለ15 ወይም ለ20 ዓመት እንደሚገዛ፣ በምን ዋጋና በምን ገንዘብ እንደሚከፍል፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚከፍል፣ ባይከፍል ምን እንደሚሆን በግልጽ ካልተጻፈ ብድር የለም። ብድር ከሌለ ተርባይን የለም። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው።

ውሉ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ አንቀጽም አለ። አመንጪው ተርባይኑን እያሽከረከረ ሳለ የመንግሥት መስመር ቢቋረጥስ? ውኃው ሳይሠራበት ይፈሳል፤ የባንኩ ወለድ ግን አይቆምም። ይህን ኪሳራ ማን ይሸከማል? መብራት በሚመላለስበት አገር ይህ የዳር ጥያቄ አይደለም። ትንሽ ማመንጫ ይኖራል ወይስ ይከስራል የሚለው የሚወሰነው በዚህ አንቀጽ ነው።

ትልልቆቹ የተጓዙበት መንገድ

የትልልቆቹን ታሪክ እንይ። የኮርቤቲ የእንፋሎት ኃይል ፕሮጀክት የመጀመሪያውን የግዥ ስምምነት የፈረመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከዚያ ድርድሩ እንደገና ተከፈተ። ከቱሉ ሞዬ ጋር ጎን ለጎን እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ሌላ ፊርማ መጣ፤ በ2020 ደግሞ የተሻሻለ ሌላ ፊርማ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከኮርቤቲ ወደ ብሔራዊ የኃይል ቋት የገባ አንድም ኪሎዋት ሰዓት አልነበረም።

የፀሐይ ኃይሉም ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሳዑዲው አክዋ ፓወር የጋድንና የዲቼቶን ጨረታ አሸነፈ። እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት፣ ዋጋቸው በኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም። በወቅቱ «በአፍሪካ ከታዩት ርካሽ ዋጋዎች አንዱ» ተብሎ ተወራለት። በወረቀት ላይ የሚያስደስት ቁጥር ነበር። በወረቀት ላይም ቀረ። ከዚያ በፊት ጨረታው ለጣሊያኑ ኤኔል የተሰጠው የመተሐራ 100 ሜጋዋት ፕሮጀክትም ዕጣው ከዚህ አልተለየም። በእነዚህ ድርድሮች ውስጥ ደጋግሞ ሲነሳ የነበረው ጉዳይ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ብሩ ወደ ዶላር እንደሚቀየር ማን ዋስትና ይሰጣል የሚለው።

የዚህ ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዶላር የሚከፈል ውል ርካሽ ቢመስልም ዋጋው የሚታወቀው በኋላ ነው። ያቺ 2.526 ሳንቲም፣ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 1 ብር ከ45 ሳንቲም ያህል ነበረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር 135 ብር ሲደርስ ያቺው ሳንቲም 3 ብር ከ40 ገደማ ሆነች። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ከደንበኛው የሚሰበስበው ብር ነው። ልዩነቱን የሚሸፍነው ወይ መንግሥት ነው፣ ወይ በየሦስት ወሩ ታሪፍ የሚጨመርበት ደንበኛ።

ሁለተኛ፣ ድርድር ውድ ነው። መቶ ሜጋዋት የሚያመነጭ ኩባንያ የለንደን ጠበቃ ቀጥሮ አምስት ዓመት መደራደር ይችላል። ግማሽ ሜጋዋት የሚያመነጭ የጂማ ወይም የሲዳማ ማኅበር ግን አይችልም። የጠበቃው፣ የጥናቱና የምልልሱ ወጪ ማመንጫው ትንሽ ስለሆነ አይቀንስም። ትልቁን በሚያደክም በር ትንሹ ጨርሶ አያልፍም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ለትንንሽ አመንጪዎች የተለየ በር መክፈት አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ሕግ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ከትንንሽ አመንጪዎች እንዲገዙ አስገደደች። የዋጋው መርህ ቀላል ነበር፤ ኩባንያው ያንን ኃይል ራሱ ቢያመነጭ ወይም ከሌላ ቢገዛ ሊያወጣ የነበረውን ወጪ ለትንሹ ይክፈል። ከዚያ በላይ አይክፈል፤ ከዚያ በታችም አይክፈል።

ለኢትዮጵያ ግን ይበልጥ የምትቀርበው ስሪላንካ ናት። ተራራማ፣ ዝናባማ፣ በሻይ ተክል መካከል የሚወርዱ ትንንሽ ወንዞች ያሏት አገር ናት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ቦርድ ከ10 ሜጋዋት በታች ላለ ማመንጫ ሁሉ አንድ ወጥ ውል አዘጋጀ። ድርድር የለም። ቅጹ ይኸው፣ ዋጋው ይኸው፣ ዘመኑ 15 ዓመት። የሚስማማው ይፈርማል፤ የማይስማማው ይተወዋል። በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ትንንሽ የውኃ ማመንጫዎች ተሠሩ፤ ተደምረው ከ300 ሜጋዋት አለፉ። የሠሯቸውም በብዛት የአገሬው ባለሀብቶች፣ ያበደሯቸውም የአገሬው ባንኮች ናቸው።

ታንዛኒያ ይህንኑ ወስዳ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለራሷ አበጀችው። ከ100 ኪሎዋት እስከ 10 ሜጋዋት ለሚሸጥ አመንጪ አንድ ወጥ ውልና ለሁሉም የታወጀ የዋጋ ቀመር አወጣች። ብልሃቱ ቀመሩ ላይ ነው። ዋጋው በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ዋናው መስመር ላይ ለሚሸጥ አንድ ዋጋ፣ መንግሥት በናፍጣ ጄኔሬተር መብራት በሚሰጥበት ገለልተኛ ከተማ ለሚሸጥ ደግሞ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ዋጋ። ናፍጣ ውድ ስለሆነ ትንሹ አመንጪ ናፍጣውን ሲያስቀር መንግሥትም ያተርፋል። ግድቦች በሚጎድሉበት በበጋ የሚሸጥ ኃይል ደግሞ በክረምት ከሚሸጠው የተሻለ ይከፈለው ነበር።

ተረቱ ግን እዚህ በደስታ አያልቅም። የታንዛኒያው የመብራት ድርጅት ለአመንጪዎቹ በወቅቱ አይከፍልም ነበር፤ ብዙዎች ተጎዱ። ስሪላንካም እ.ኤ.አ. በ2022 ኢኮኖሚዋ ሲናጋ ለትንንሾቹ አመንጪዎች የሚከፈለው ውዝፍ ተከማቸ። ውል ጥሩ ሆኖ ከፋዩ ባዶ ከሆነ ውሉ ወረቀት ነው።

ኬንያ ደግሞ ሌላውን ገደል ታሳያለች። የአመንጪ ዋጋ ታወጀ፣ ውል ተፈረመ፣ ፈላጊው ግን ከሚያስፈልገው ኃይል በላይ ሆነ። ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም የሚከፈልባቸው ውሎች የደንበኛውን ሂሳብ አከበዱ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ውሎቹን የሚመረምር ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ያልተጠናቀቁ ድርድሮች እንዲቆሙም ተመከረ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው ነው። በር መክፈት ማለት በሩን ነቅሎ መጣል ማለት አይደለም።

«ሕዳሴ እያለ ትንሹ ለምን?»

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ ሁሉ ኃይል እያለ ከአንድ ወንዝ ዳር ግማሽ ሜጋዋት ለመግዛት ማን ይደክማል?

መልሱ ኃይሉ ያለበት ቦታና ሰው ያለበት ቦታ ይለያያል የሚለው ነው። ዛሬም ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ መብራት የለውም። መብራት ያለውም ቢሆን የመስመሩ ጫፍ ላይ ከሆነ ችግሩን ያውቀዋል፤ ማታ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ የወፍጮው ሞተር አይነሳም፣ ፍሪጁ ይቃጠላል። ችግሩ ጉባ ላይ ውኃ ማነሱ አይደለም። በመቶዎች ኪሎሜትር ርቀት፣ በማከፋፈያ ጣቢያና በአሮጌ ትራንስፎርመር አልፎ ሲደርስ ኃይሉ መድከሙ ነው። እዚያው ጫፍ ላይ የተተከለ ትንሽ ማመንጫ ግን መስመሩን ከታች ደግፎ ያቆመዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለኤሌክትሪክም ይሠራል።

ደግሞም አገሪቱ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። ኢሉባቦር ውስጥ የሶር ማመንጫ 5 ሜጋዋት ብቻ ነው። ባሌ ውስጥ ያዶት አንድ ሜጋዋት እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ አጠገብ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ 6.6 ሜጋዋት ነው፤ ለዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቅርብ ዓመታት ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል። እንደ ወንጂና ፊንጫ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎች የተጨመቀውን አገዳ አንድደው ከራሳቸው የተረፈውን ኃይል ለብሔራዊ ቋት ሰጥተዋል። ትንሽ ማመንጨት ይቻላል። እስካሁን ያደረገው ግን በአብዛኛው ራሱ መንግሥት ነው።

እርግጥ ትንሽ ማመንጫ በሁሉም ቦታ ያዋጣል ማለት ውሸት ነው። ከትልቅ ማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ፣ የግድብ ኃይል እንደ ልብ በሚገኝበት ቦታ፣ ትንሹ አመንጪ በዋጋ አይወዳደርም፤ መደገፍም የለበትም። ቦታው ሌላ ነው። የመስመር ጫፍ፣ ናፍጣ የሚነድበት ከተማ፣ መስመር በአሥር ዓመት ውስጥ የማይደርስበት ወረዳ። ዋጋውም በዚያ ልክ፣ መንግሥት እዚያ ቦታ ኃይል ለማድረስ ከሚያወጣው ሳይበልጥ ይቆረጥ። የታንዛኒያ ቀመር ያስተማረው ይህንኑ ነው።

መስመሩ የደረሰ ቀን

በሲዳማ በጎቤቾ፣ በኤረርቴና በሀጋራ ሶዲቻ ከ7 እስከ 55 ኪሎዋት የሚያመነጩ በጣም ትንንሽ የውኃ ማመንጫዎች በውጭ እርዳታ ተሠርተው ለመንደሩ ማኅበራት ተሰጥተው ነበር። የእንዲህ ያለ መንደር ትልቁ ሥጋት ድርቅ ወይም የተርባይን ብልሽት ብቻ አይደለም። የመንግሥት መስመር የደረሰ ቀን ምን ይሆናል የሚለው ነው። ደንበኛው ወደ ርካሹ ታሪፍ ይዞራል፤ ማመንጫው ዝም ይላል፤ የተደከመበት ሁሉ ዝገት ይሆናል።

ይህ ሥጋት እያለ ማን ገንዘቡን መንደር ውስጥ ያፈሳል? ታንዛኒያ መልሱን ሕጓ ውስጥ ጽፋዋለች። መስመሩ ሲደርስ ባለማመንጫው ኃይሉን ለመንግሥት ይሸጣል፣ ወይም በጅምላ ገዝቶ ለመንደሩ ማከፋፈሉን ይቀጥላል፣ ወይም ንብረቱን አስረክቦ ይወጣል። ምርጫው አስቀድሞ ይታወቃል። የኢትዮጵያ የሚኒ ግሪድ መመሪያ ለመንደሩ በቀጥታ የሚሸጠውን አመንጪ መንገድ ማስያዙ አንድ እርምጃ ነው። ያ መንደር ከብሔራዊው መስመር ጋር ሲገናኝ ግን የሚያስፈልገው የፈቃድ ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሽያጭ ውል ነው።

ማን ይግዛ? በምን ይክፈል?

የመብራት ኃይል እ.ኤ.አ. በ2013 ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ገዢው ራሱ ግልጽ አይደለም። ትልልቆቹን ስምምነቶች የሚፈርመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ማመንጫውና ከፍተኛ መስመሩ የእሱ ነውና። ትንሹ አመንጪ የሚገናኘው ግን 15 ወይም 33 ኪሎቮልት መስመር ላይ ነው፤ ያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ትንሹ ሰው የትኛውን ቢሮ ያንኳኳ? አንዱ ወደ ሌላው በሚልክበት ቦታ ሦስት ዓመት እንደ ቀልድ ያልፋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሌላ አዋጅ አይደለም። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጁ ለትልልቆቹ አለ፤ ጨረታው፣ ኮሚቴው፣ ዋስትናው ሁሉ ለእነሱ ልክ የተሰፋ ነው። ለትንሹ የሚያስፈልገው ከአሥር ገጽ የማይበልጥ አንድ ቅጽ ነው። ውስጡም ይህ ይኑር።

1. ገዢው አንድና የታወቀ ይሁን። ለትንንሾቹ መስመሩ የሚያልፍበት የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ይፈርም።

2. ዋጋው በብር ይሁን፤ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር በታወቀ ቀመር ይስተካከል። ትንሽ የውኃ ማመንጫ ብዙው ወጪው ሲሚንቶ፣ ቁፋሮና የሰው ጉልበት ነው። ዶላር የሚያስፈልገው ለተርባይኑና ለጄኔሬተሩ ነው፤ ያም አንድ ጊዜ።

3. የመንግሥት መስመር በተቋረጠበት ሰዓት ሊመነጭ ይችል ለነበረው ኃይል፣ ከተወሰነ ሰዓት በላይ ሲሆን፣ ከፊሉ ይከፈል። ይህ ለአመንጪው ጥበቃ ነው፤ መስመሩን የሚጠግነውንም ሰው ያተጋል።

4. ጣሪያ ይኑር። በየዓመቱ በየአካባቢው ስንት ሜጋዋት እንደሚገዛ አስቀድሞ ይታወጅ። የኬንያ ስህተት እንዳይደገም የሚረዳው ይህ ነው።

5. ክፍያው ቀን ይቆረጥለት። ለምሳሌ 500 ኪሎዋት የሚያመነጭ ማኅበር በአቅሙ ግማሽ ቢሠራ በዓመት 2.19 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሸጣል። ዋጋው 5 ብር ቢሆን ወደ 11 ሚሊዮን ብር ነው። ይህ ክፍያ ስድስት ወር ቢዘገይ ለመንግሥት ተቋም የሂሳብ መዝገብ ላይ የማይታይ ነጥብ ነው፤ ለማኅበሩ ግን 5 ሚሊዮን ተኩል ብር ነው፣ የባንክ ዕዳ ነው፣ መክሰር ነው። ስለዚህ የሦስት ወር ክፍያ በዝግ ሂሳብ አስቀድሞ ይቀመጥ።

የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ቅጹን ማውጣት ይችላል፤ ሥራውም ነው። ከዚህ በፊት የአመንጪ ዋጋ የሚወስን ረቂቅ ሕግ ተዘጋጅቶ ሳይጸድቅ መቅረቱን የዘርፉ ሰዎች ያስታውሳሉ። አሁን ረቂቁን ከመሳቢያ አውጥቶ አቧራውን ማራገፍ ነው።

«ተቋሙ ዕዳ አለበት፤ ከየት ያምጣ?» የሚል ይኖራል። ዕዳው እውነት ነው። ግን ዕዳው ከየት መጣ? በአብዛኛው ከትልልቅ ፕሮጀክቶች ብድር ነው። ትንሹ አመንጪ ግን ብድሩን በራሱ ስም ወስዶ፣ በራሱ ገንዘብ ገንብቶ፣ የሚጠይቀው ያደረሰው ኃይል እንዲከፈለው ብቻ ነው። ካላደረሰ አይከፈለውም። ከዚህ የቀለለ ዕዳ የለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢትዮጵያ ለኬንያ ኃይል ለመሸጥ ስትዋዋል የፈረመችው የ25 ዓመት ውል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋዋት፣ ከዚያ 400፤ ዋጋው 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም፤ ክፍያው በዶላር። ሻጭ ስትሆን ረጅም ዘመን፣ የታወቀ መጠን፣ የታወቀ ዋጋ ፈለገች። ትክክልም ነች፤ ማንም ሻጭ ይህን ይፈልጋል።

የሲዳማው ማኅበር፣ የኢሉባቦሩ ባለሀብትና የስኳር ፋብሪካው የሚጠይቁትም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እነሱ እንዲያውም ክፍያውን በብር ይቀበላሉ። አገሪቱ ከናይሮቢ ጋር ስትደራደር የገባትን ነገር ለገዛ ልጆቿ ለመስጠት የጎደላት ወንዝም ገንዘብም አይደለም፤ አሥር ገጽ ወረቀትና አንድ ፊርማ ነው።